ጥርሱ የሆራስ፣ ሕመሙ የኤልሳቤጥ

አማርኛ «ሐኪም»ን ከዐረብ ተበድሯል። «ነርስ»ን፣ «ክሊኒክ»ን፣ «ፋርማሲ»ን ከፈረንጅ ወስዶ እስካሁን አልመለሰም። «አስታማሚ»ን ግን ከማንም አልለመነም፤ ከገዛ ጓዳው ያወጣው ቃል ነው። ታመመ፣ አሳመመ፣ አስታመመ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቃል የምትለያቸው አንዲት «ታ» ናት። አንደኛው በሽታ የሚያመጣባችሁ ነው፤ ሌላው የመጣባችሁን በሽታ አብሯችሁ የሚሸከም። ሆስፒታል ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ካርድ የሚያወጣው፣ ተራ የሚይዘው፣ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ሰፈር የሚያካልለው፣ ሾርባውን በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣው፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ተጣጥፎ የሚያድረው እሱ ነው። «እሱ» አልን እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ «እሷ» ናት። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

የሕክምና ታሪክ ግን አስታማሚን አያውቅም። የሕክምና ታሪክ የሚያውቀው ፈልሳፊውን፣ ቢላዋውን የያዘውንና አልፎ አልፎ ደግሞ አልጋው ላይ የተኛውን ነው። ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሰው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቢገኝ ቢገኝ በግርጌ ማስታወሻ ነው። እኛ ዛሬ ታሪኩን ገልብጠን ልንነግራችሁ ነው፤ ከኮሪደሩ ወንበር ተነሥተን። ርእሰ ጉዳያችንም ትንሽ ነው፤ አንዲት ጥርስ። ያውም የመጨረሻዋ መንጋጋ፤ ፈረንጆቹ «የጥበብ ጥርስ» የሚሏት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሰው አወቅሁ በቃሁ በሚልበት ሰዓት፣ ቦታ በሌለበት መንጋጋ ውስጥ እየተጋፋች የምትመጣዋ። ዕድሜዋ የእኛ የአንባቢዎቿና የጸሐፊዎቿ ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ብዙዎቻችን ገና ጎጆ አልወጣንም፤ አብሮን ሐኪም ቤት የሚሄደው የወንድ ጓደኛ፣ እጮኛ ወይም አዲስ ሙሽራ ነው። አንዳንድ ፍቅር መጀመሪያ የሚፈተነው በዚች ጥርስ ነው ብንል አልተጋነነም።

(ከመጀመራችን በፊት፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ያዙት!»

ማደንዘዣ ከመምጣቱ በፊት የአስታማሚ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ መያዝ። እጅ መያዝ አይደለም። ሰውየውን መያዝ። እግሩን፣ ትከሻውን፣ ጭንቅላቱን። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ጥርስ የሚነቅለው ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ገበያ መሐል፣ ሕዝብ እያየ። በአገራችንም ጉጠት ይዞ በመንደሩ የታወቀ ሰው አይጠፋም ነበር። የትም ይሁን የት ግን ሥርዓቱ አንድ ነው፤ አንዱ ይነቅላል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። ዘመድ ከሆንክ ፍቅርህ የሚለካው ወንድምህ ሲጮህ ባለመልቀቅህ ነው።

ይህን ሥርዓት ንጉሥም አያመልጠውም። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ጥርስ መንቀል ይወድ ነበር። አዎ፣ የሌሎችን። የነቀላቸው ጥርሶች ስብስብ እስከ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኩንስትካሜራ በተባለው ሙዚየም ይገኛል። የእንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ደግሞ በተቃራኒው ጉጠት የምትፈራ ንግሥት ነበረች። በ1578 ጥርሷን አሟት ሌት ተቀን ስትሠቃይ መኳንንቱ ቢለምኗት እምቢ አለች። በዚህ ጊዜ ጆን ኤይልመር የተባሉት የለንደን ጳጳስ፣ «እኔ ብዙ ጥርስ ያልቀረኝ ሽማግሌ ነኝና ይኸው ይዩ» በሚል መንፈስ ፊቷ ተቀምጠው የራሳቸውን ጥርስ አስነቀሉ ይባላል። ንግሥቲቱም ይህን አይታ ፈቀደች። እንግዲህ በታሪክ ውስጥ ካጋጠሙን አስታማሚዎች ሁሉ ይኼኛውን የሚበልጥ አላገኘንም። እጮኛችሁ «አይዞሽ፣ አያምም» ሲላችሁ «እስቲ ያንተን አስቀድም» ማለት የምትችሉት በኚህ ጳጳስ ሥልጣን ነው።

ግን ሁሉም ሰው መያዝ አይችልም፤ ሁሉም ታማሚም በወዳጁ እጅ መያዝን አይፈልግም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1811 ፓሪስ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ ጡቷ ተቆረጠ። ዐረቄ የተቀላቀለበት መጠጥ ከመቅመሷ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። ባሏን በጣም ትወደው ነበር። ስለዚህ ያደረገችው ነገር ቢኖር በዚያች ቀን ቤት እንዳይኖር ማመቻቸት ነው። ጥቁር የለበሱ ሰባት ወንዶች ክፍሏ ሲገቡ ባሏ ሥራ ላይ ነበር። የደረሰባትን ሁሉ ለእህቷ በደብዳቤ ለመጻፍ ወራት ፈጀባት። ከዚያ በኋላም ገና ብዙ ዓመት፣ እስከ 1840 ድረስ ኖራለች። እኛን የሚያስደንቀን ግን ጥንካሬዋ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን አንዲት ሚስት ባሏን ልትረዳው የምትችልበት ትልቁ መንገድ ከሕመሟ ማራቅ ነበር። ታማሚዋ አስታማሚውን ታስታምም ነበር ማለት ነው።

ሃርትፎርድ፣ ታኅሣሥ 1844

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። አሜሪካ፣ ኮነቲከት፣ ሃርትፎርድ ከተማ። ሆራስ ዌልስ የ29 ዓመት ወጣት የጥርስ ሐኪም ነው። በ1838 ኤልሳቤጥ ዌልስን አገባ (የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከእሱ በሁለት ሆሄ ይለያል፣ በእኛ ፊደል ግን እሷንም እሱንም ዌልስ ከማለት ሌላ አማራጭ የለንም)፤ ቻርልስ የሚባል ልጅ አላቸው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ሕሊናው ግን ሰላም የለውም። በየቀኑ ሰው ያስጮሃል።

ታኅሣሥ 10 ቀን ማታ ባልና ሚስት ተያይዘው ትርኢት ለማየት ወጡ። ጋርድነር ኮልተን የሚባል ሰው «የሳቅ ጋዝ» ትርኢት ያሳያል፤ መግቢያው 25 ሳንቲም። ጋዙ አዲስ ነገር አልነበረም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1772 አግኝቶታል። ሃምፍሪ ዴቪ ደግሞ በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመም የማጥፋት ኃይል ያለው ስለሚመስል ለቀዶ ሕክምና ሊጠቅም ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ማን ሰማው? ዓለም ለ44 ዓመታት ሙሉ ጋዙን ለሳቅና ለጨዋታ እየሳበ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሰው በቁሙ እየቆረጠ ኖረ። መድኃኒቱና ሕመሙ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም ነበር።

የኮልተን ማስታወቂያ ላይ አንዲት የምታስገርም መስመር አለች። ጋዙን የሳቡት ሰዎች ራሳቸውን ወይም ሌላውን እንዳይጎዱ ስምንት ጠንካራ ወንዶች የፊት ወንበሮቹን ይይዛሉ ትላለች። ልብ በሉ! እዚህም ያዦች ያስፈልጋሉ። የድሮው ዓለም በሳቅ መድረክ ላይ እንኳ ሰውን ሊይዝ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ሳሙኤል ኩሊ የሚባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጋዙን ሳበና መድረኩ ላይ መዝለል ጀመረ። እግሩ ከአግዳሚ ወንበር ጋር ተጋጭቶ ተላጠ፤ ደሙ ወረደ። ሰውየው ግን ምንም አልተሰማውም። አዳራሹ ይስቃል። ሆራስ ዌልስ ብቻ አልሳቀም። ኩሊ ስካሩ በርዶለት ሲቀመጥ አሞት እንደሆነ ጠየቀው። «ኧረ ምንም» አለ።

ሆራስ ራሱም ያን ምሽት ጋዙን ስቧል። ኤልሳቤጥ ወደ ቤት ሲመለሱ በሕዝብ ፊት መሣቂያ በመሆኑ እንደተቆጣችው ይነገራል። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያነሡት። ምስኪኗ ሚስት ባሏ ዓለምን ሊለውጥ ሲል እሷ ስለ ሰው ዓይን ትጨነቃለች፣ ዓይነት ነገር። እኛ ግን ቁጣዋ ውስጥ ሌላ ነገር ይታየናል። ባሏ አንድ ነገር ሲጀምር ራሱን መሞከሪያ የሚያደርግ ሰው መሆኑን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች። በሚቀጥለው ቀን የሆነው ያንን ነው።

ታኅሣሥ 11 ጠዋት ሆራስ ዌልስ በገዛ ወንበሩ ላይ ታካሚ ሆኖ ተቀመጠ። ኮልተን የጋዙን ከረጢት አቀበለው። ጆን ሪግስ የተባለ የሙያ ባልደረባው ጉጠቱን አነሣ። የሚነቀለው ጥርስ? የጥበብ ጥርሱ። ሆራስ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ሪግስ ነቀለ። ማንም አልያዘውም። ሲነቃ ከመርፌ ጫፍ በላይ እንዳልተሰማው ተናገረ፤ ጥርስ መንቀል አዲስ ዘመን ገባ ብሎም ጮኸ። በሰው ልጅ የሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ በር የተከፈተው እንዲህ፣ እኔና እናንተ ዛሬ «ትንሽ ነገር ናት» በምንላት በዚያች በመጨረሻዋ መንጋጋ ነው።

ክፍያው

ሆራስ በሚቀጥሉት ሳምንታት በርካታ ሰዎችን በጋዙ አከመ። ግኝቱን አልደበቀም፣ በስሙም አላስመዘገበም። እንደ አየር ነጻ ይሁን የሚል ሰው ነበር። በጥር 1845 ቦስተን ሄዶ በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪዎች ፊት ጥርስ ነቅሎ አሳየ። ከረጢቱ ቶሎ ተነሣ፤ ታካሚው ጮኸ። ተማሪዎቹ አፏጩ፣ አጭበርባሪ አሉት። በኋላ ታካሚው ራሱ ያን ያህል አላመመኝም ብሏል፤ ግን አንዴ የተፏጨበት ሰው ይፏጭበታል።

በቀጣዩ ዓመት የቀድሞ ተማሪውና ሸሪኩ ዊልያም ሞርተን እዚያው ቦስተን ውስጥ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1846፣ በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ አሠራ። ዓለም አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ የሆነው የፍርድ ቤትና የጋዜጣ ውጊያ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ለማደንዘዣ ፈልሳፊ 100,000 ዶላር ስለመስጠት ለዓመታት ተከራክሮ በመጨረሻ ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ሞርተን በ1868 በኒው ዮርክ ሐሩር መሐል ሲሞት አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ናት። ስሟን መገመት ትችላላችሁ፤ ኤልሳቤጥ። ይህ ታሪክ ኤልሳቤጥ ይበዛበታል።

የሆራስ መጨረሻ ግን ከዚህ ይብሳል። በጥር 1848 ሚስቱንና ልጁን ሃርትፎርድ ትቶ ብቻውን ኒው ዮርክ ገባ። አዲሱን ክሎሮፎርም በራሱ ላይ መሞከር ጀመረ፤ ቀን በቀን፤ አእምሮው እስኪናወጥ። ከርቀት ያለች ሚስት ከረጢት ከእጅ አትነጥቅም። በ33ኛ ዓመት ልደቱ ቀን በመንገድ ላይ ሴቶች ላይ አሲድ ረጭቶ ተያዘ። ራሱን ሲያውቅ ያደረገውን አልቻለውም። ለኤልሳቤጥ የስንብት ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥር 24 ቀን በእስር ቤት ክፍሉ ክሎሮፎርም ስቦ የጭኑን ደም ሥር ቆረጠ። የፓሪስ የሕክምና ማኅበር የግኝቱ ባለቤት መሆኑን የተቀበለበት መልእክት የደረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሁሉም የታሪክ መጽሐፍ ምዕራፉን እዚህ ይዘጋዋል። ለኤልሳቤጥ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። ጥርሱ የተነቀለው በ1844 ነው፤ ቁስሉን ያስታመመችው እስከ ሞተችበት እስከ 1889 ድረስ ነው። 45 ዓመት! ትንሽ ልጅ ይዛ፣ ያበደ የወንጀለኛ ሚስት እየተባለች፣ ባሏ የመጀመሪያው መሆኑን የሚያስመሰክር ሰነድ ስታሰባስብ ኖረች። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ1864፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ1870 ግኝቱ የሆራስ ዌልስ ነው ብለው አወጁ። በ1875 ሃርትፎርድ መናፈሻ ውስጥ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ የቆመው ለእሱ ብቻ ነው።

እስቲ ልብ ብላችሁ አስቡት። ሆራስ በሰመመን ውስጥ ሆኖ ያልተሰማው ሕመም አልጠፋም። ተሻገረ እንጂ።

ዓይኗን የሰጠች

እዚህ ላይ «ሚስት ማለት እንዲህ ናት!» ብሎ ለማጨብጨብ የሚቸኩል አይጠፋም። ቆይ። ከሆራስ ዌልስ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1804፣ ጃፓን ውስጥ ሃናኦካ ሴይሹ የተባለ ሐኪም አንዲት የ60 ዓመት ሴት በሚጠጣ መድኃኒት አስተኝቶ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አደረገ። ጃፓን በሯን ዘግታ ስለነበር ምዕራቡ ዓለም አልሰማም። መድኃኒቱ ከበርካታ ዕፀዋት የተቀመመ ሲሆን ከዋነኞቹ አንዱ እኛ አገር ዕፀ ፋርስ ወይም አስተናግር የምንለው ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። ስሙን ያወጡት አባቶቻችን ተክሉ ምን እንደሚያደርግ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ በልቶት ያልለፈለፈ የለምና።

ሴይሹ መድኃኒቱን ለመመጠን ዓመታት ፈጅቶበታል። ሰው ላይ ሳይሞከር መጠኑ አይታወቅም። ራሷን ለሙከራ ካቀረቡት አንዷ ሚስቱ ካኤ ነበረች። ካኤ በዚህ ምክንያት ዓይኗን አጣች። በ1966 ሳዋኮ አሪዮሺ የተባለች ጃፓናዊት ደራሲ ታሪኩን በልብ ወለድ እስክትጽፈው ድረስ ካኤን ከአገሯ ውጪ የሚያውቃት ጥቂት ነበር።

እኛ የካኤን ታሪክ ስናነብ የሚሰማን አድናቆት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። አገራችንም ካኤዎችን ታመርታለች፤ ታመሰግናቸዋለችም። «ለባሏ ስትል እንዲህ ሆነች» የሚባልላት ሴት ትከበራለች፤ ለራሷ ያላት ነገር ሲጠየቅ ግን ዝምታ ነው። ማስታመም ማለት ራስን ማደንዘዣ ላይ መጣድ አይደለም። አብሮ መታወር ታማሚውን አያድነውም።

ጓንቱ

ደግነቱ ታሪኩ ሌላ ጥንድ አለው። በ1884 ቪየና ውስጥ ካርል ኮለር ኮኬይን የዓይንን ስሜት እንደሚያደነዝዝ አሳየ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ ቀዳጅ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያንኑ መድኃኒት በመርፌ ወደ መንጋጋ ነርቭ ሰጠ። ዛሬ የታችኛውን መንጋጋ ስንነቀል ግማሽ ከንፈራችን ድንጋይ የሚሆንበት መርፌ መነሻው ይህ ነው። ሃልስቴድ ግን እንደ ሆራስ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፤ ሥራው ሊፈርስ ደረሰ። በኋላ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ገባ።

እዚያ ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል ነርስ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። እጅ የሚታጠቡበት የሜርኩሪ ኬሚካል እጇን አቆሰለው፤ ሥራዋን ልትተው ሆነ። ሃልስቴድ ምን አደረገ? «ቻይው» አላላትም። የእጇን ልክ አስወስዶ ጉድይር የጎማ ኩባንያ ቀጭን የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። ይህ በ1889 መጨረሻና በ1890 መጀመሪያ አካባቢ ነው። በ1890 ተጋቡ። ጓንቱ ታማሚን ከጀርም ለመጠበቅ አልተሠራም ነበር፤ የአንዲት ሴት እጅ እንዳይቆስል ነው። በኋላ ሌሎቹ ሐኪሞችም ማድረግ ጀመሩ፤ ታማሚዎቹም ተጠቀሙ። የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ ጓንት ማድረግ የለመዱት ግን ኤችአይቪ ከታወቀ በኋላ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አፋችሁን ከፍታችሁ፣ ያ የጎማ ጣዕም ምላሳችሁን ሲነካ አስታውሱ። ያ የፍቅር ስጦታ ነው። ሃልስቴድ ከሱስ ጋር እስከ መጨረሻው የታገለ፣ ጉድለት የማያጣው ሰው ነበር። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ባለ ታሪክ ውስጥ የሚወዳት ሰው ሲያማት አይቶ መድኃኒቱን በእሷ ላይ ያልሞከረ፣ ሥቃዩንም ያላሻገረባት፣ ችግሯን አስልቶ መፍትሔ የፈለገ እሱን ነው ያገኘነው።

ሥቃዩ ቤት ገባ

በ1943 ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶኬይንን ቀመመ፤ የሥራ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት በራሱ ላይ ሞከረው (ይህ ልማድ አይለቃቸውም!)፤ በ1948 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሚወጉን አብዛኛውን ጊዜ እሱን ወይም የእሱን ዘመዶች ነው። ወንበሩ ላይ ያለው ሥቃይ በዚህ አበቃ። የሚሰማው መገፋትና መሰንጠቅ ነው፤ ድምፁ ከሕመሙ ይከፋል።

ግን ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ድሮ ሥቃዩ በሙሉ ወንበሩ ላይ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ በጠንካራ ወንዶች እጅ ያልቅ ነበር። ማደንዘዣው ያንን የመጀመሪያውን ደቂቃ አጠፋው፤ ያዦቹንም ከሥራ አባረራቸው። የቀረው ሥቃይ ታክሲ ተሳፍሮ ቤት ገባ። መርፌው ሲለቅ፣ ማታ ላይ፣ ሐኪሙ በሌለበት። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣራ ይነካል። ስለዚህ የመያዝ ሥራ ከስምንቱ ወንዶች እጅ ወጥቶ አስታማሚው እጅ ገባ ማለት ነው። መልኩም ተለወጠ፤ ድሮ ሰውየውን መያዝ ነበር፣ ዛሬ እጁን መያዝ ሆነ።

ይህ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ከመነቀሉ በፊት ነው፤ በጥያቄ። «ለምንድን ነው የሚነቀለው?» የብሪታንያው ናይስ የተባለ የጤና ተቋም በ2000 ባወጣው መመሪያ በሽታ የሌለበትን የጥበብ ጥርስ ለጥንቃቄ ብሎ መንቀል እንዲቀር አዟል። የሚያስቸግር ጥርስ ይነቀላል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጥርስ ግን ጥያቄ ያስፈልገዋል። ወንበሩ ላይ ያለ የፈራ ሰው ይህን አይጠይቅም። አጠገቡ ያለው ይጠይቅለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከመካከላችን አንዷ እጮኛዋን ይዛ ከሄደችበት ሳምንት የተረፈንን ልምድ ጨምረን እንንገራችሁ። ጎዙን ሐኪሙ ያለውን ያህል፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ነክሶ ይቆይ፤ አሁንም አሁንም እያወጣ «ደሙ ቆመ ወይ?» እያለ አይመልከት። ቀዳዳው ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። እሱ ከተነሣ አጥንቱ ይጋለጣል፤ ያ ሕመም ከመነቀሉ ይብሳል። ስለዚህ በስትሮ መምጠጥ የለም፣ እትፍ እያሉ መትፋት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ መጠጥም የለም። የመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉንጩ ላይ ያዝ ለቀቅ ማድረግ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ። ምግቡ እርጎ፣ ሙዝ፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ ለብ ያለ ገንፎ። ቆሎ፣ በርበሬና የሚፋጅ ቡና ሳምንቱን ይታገሡ። በሰመመን የተነቀለ ሰው በዚያን ቀን መኪና አይነዳም፤ ለእናቱ ስልክ ባይደውል ደግሞ ይመረጣል፤ ምን እንደሚናገር አይታወቅም። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ በተለይ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ቅርንፉድ እየነከሱ መጠበቅ አይደለም፤ ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ስንቀመጥ ጓደኞቻችንን እየዞርን ጠይቀን ነበር። «የጥበብ ጥርስሽን ስትነቀዪ ማን አስታመመሽ?» ወንዶቹ ሲመልሱ «ፍቅረኛዬ»፣ «ሚስቴ»፣ «እህቴ» አሉ። ሴቶቹ ደግሞ? «እናቴ መጥታ»፣ «እህቴ አድራ»፣ «ኧረ ማንም፣ ራሴው»። ባለ ትዳሮቹም ጭምር! ባል ሲታመም ሚስቱ ታስታምመዋለች፤ ሚስት ስትታመም እናቷ ትጠራለች። ይህ ጥናት አይደለም፣ የሻይ ላይ ወሬ ነው። ግን እስቲ በየቤታችሁ ሞክሩት።

አንዳንዱ ወንድ ክፋት ኖሮበት አይደለም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይህ የሴት ሙያ ነው» ይላል። ወንድሜ፣ ኤልሳቤጥ ዌልስም ሐኪም አልነበረችም። ካኤም ለመታወር ሥልጠና አልወሰደችም። እርጎ ከበረዶ ቤት ማውጣት፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ስልክ ላይ መሙላትና ሌሊት ስትነቃ አብሮ መንቃት ዲግሪ አይጠይቅም። ከንፈርና ጥርስ ሲደጋገፍ ያምር ይባል የለ? ጥርሱ ሲወልቅ እንግዲህ ከንፈሩ ነው የሚደግፈው።

ሃርትፎርድ ያለው የነሐስ ሐውልት ሆራስን ብቻ አቁሟል፤ የማንንም እጅ አልያዘም። ሐውልት ሠሪው ለኤልሳቤጥ ቦታ አላስቀመጠም፤ እኛም በ1875 የተሠራን ነሐስ አሁን አንቀይረውም። በሚቀጥለው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ ከጥርስ ክሊኒክ ወጥቶ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ኮሪደሩ ላይ ሲቆም ግን እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚጠብቀው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ጥርሳችሁን ይባርክ። ቸር እንሰንብት።